ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ፦ የማራቶን ሯጭ አእምሮ

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል]

  የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ማራቶን ነው። ስለ ሰዓትና ስለ ሜዳሊያ ሲነገር ዘወትር ትሰማላችሁ። ዛሬ ግን ሯጩ መንገድ ላይ ሳለ በጭንቅላቱ ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ነው የምንጨዋወተው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልተናገርኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ስለ ሯጮቻችን ወሬ ሲነሣ የማይቀሩ ሦስት ነገሮች አሉ። አንዱ የተወለዱበት ደጋ ነው፤ ሁለተኛው በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ የሮጡት መንገድ፤ ሦስተኛው ወኔ። ሦስቱም እውነትነት አላቸው። ይሁንና 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በወኔ ብቻ ተሮጦ አያልቅም። እንዲያውም 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የተነሣ ወኔ ስንቱን ሯጭ 35ኛው ላይ አስቀምጦታል። ጥሩ የማራቶን ሯጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲያሰላ፣ ሲያመዛዝን፣ ራሱን ሲገታ ይቆያል። «ተው፣ ይብቃህ» የሚለውን የውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ መልስም ይሰጠዋል። እኛ ይህን ሁሉ «ልበ ሙሉ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይህ ያሳዝነኛል። የእግሩን ድካም እያመሰገንን የአእምሮውን ድካም እንዳልነበረ እናደርገዋለንና። ከዚህም በላይ ጉዳት አለው። ወኔ የተፈጥሮ ስጦታ ነው ብሎ ያመነ ጀማሪ ሯጭ 32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲከብደው «እኔ የለኝም ማለት ነው» ብሎ ይደመድማል። የአእምሮ ብርታት ግን እንደ እግር ብርታት በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ሻምበል አበበ ቢቂላ ያሸነፈበትን ሩጫ የማያውቅ አድማጭ ያለ አይመስለኝም። ዕለቷ በእኛ አቆጣጠር የ1952 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ቀን፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበረች። ሁላችንም የምናስታውሰው ባዶ እግሩን ነው። እስቲ ለዛሬ እግሩን እንተወውና ሐሳቡን እንከተል።

አበበ በብርቱ እንዲጠብቀው የተነገረው ተፎካካሪ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። የመለያ ቁጥሩም 26 ነው ተብሎ ተነግሮታል። ራዲ ግን በዚያ ምሽት 185 ቁጥር ለጥፎ ቀረበ። ሩጫው ሲገፋ የአበበ ዓይን 26 ቁጥርን ይፈልጋል። የለም። ከጎኑ ግን 185 ቁጥር የለጠፈ ሰው እግር በእግር ይሮጣል። ፀሐይዋ ጠለቀች፤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር የጣልያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ብዙ ሰው «አምልጦኛል» ብሎ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ፍጥነት ይጨምራል፤ የጨመረውንም ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ በእጥፍ ይከፍላል። አበበ አልደነገጠም። የተለማመደውን ሩጫ መሮጡን ቀጠለ።

የሚፈተለክበት ቦታም አስቀድሞ ተመርጦ ነበር። ከመጨረሻው መስመር ብዙም በማይርቅ አደባባይ ላይ የሙሶሊኒ ጦር በ1937 ከአክሱም ወስዶ ያቆመው ሐውልት ነበር፤ ሐውልቱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ነው። አበበና ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የመጨረሻውን ፍጥነት ለዚያ ቦታ አስቀምጠውት ነበር። አበበ እዚያ ሲደርስ ተፈተለከ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ራዲም ከ25 ሰከንድ በኋላ ተከተለው።

የሐውልቱ ነገር የማንኛችንንም ልብ ይነካል፤ መንካቱም ተገቢ ነው። እኔ ግን ወደ ሌላ ነገር ልመልሳችሁ። 40 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው ሐሳቡ ይጠብበታል፤ አዲስ ውሳኔ ማፍለቅ ይከብደዋል። ገና ሳይደክም የወሰነ ሯጭ ግን ሲደክም የሚቀረው መፈጸም ብቻ ነው። አበበ እንዲህ ነበር። ይህን ማንኛውም ሯጭ ሊያደርገው ይችላል። ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት ቁጭ ብላችሁ «እንዲህ ቢሆን እንዲህ አደርጋለሁ» እያላችሁ ጻፉ። ጎኔን ቢወጋኝ ፍጥነቴን ቀንሼ በረዥሙ እተነፍሳለሁ። ውኃ ጣቢያው ላይ ጠርሙሱ ቢወድቅብኝ አልመለስም፤ ከሚቀጥለው እወስዳለሁ። አብረውኝ የሚሮጡት ቀድመውኝ ቢሄዱ እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር አልከተላቸውም። እንዲህ ያለ ወረቀት የጻፈ ሰው ችግሩ ሲመጣ አይገረምም። ማራቶን ላይ ደግሞ ከችግሩ ይልቅ ድንጋጤው ብዙ ኃይል ይበላል።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንግባ። የሚሮጥ ሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ልክ አንድ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማራቶን ለመጨረስ ወደ 2,500 ካሎሪ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በጡንቻውና በጉበቱ ያጠራቀመው ስኳር ግን ከ2,000 ካሎሪ ብዙ የሚያልፍ አይደለም። ጉድለቱን የሚሸፍነው ስብ ነው፤ ስብ ደግሞ ኃይል የሚሰጠው ቀስ እያለ ነው። በተለይ ፈጥኖ የተነሣ ሯጭ ስኳሩን ቶሎ ይጨርስና ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ እግሩ አልታዘዝም ይለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አእምሯችንም በዋናነት የሚሠራው በዚሁ ስኳር ነው። ስኳሩ ሲያንስ እግር ብቻ አይከብድም፤ ሐሳብም ይጨልማል። «ማን አስገደደኝ?» «ይህ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም።» «ቤተሰቤን ትቼ እዚህ ምን እሠራለሁ?» ሯጮች 33ኛውና 34ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እንዲህ ያሉ ሐሳቦች እንደሚወሯቸው ይናገራሉ። በዚያች ሰዓት ሐሳቦቹ ስለ ሕይወታችን የተሰጡ የመጨረሻ ፍርዶች ይመስላሉ። አብዛኞቹ ግን ረሀብ ናቸው። ከረሀብ ጋር ክርክር አይገጠምም፤ ጣፋጭ መጠጥ ይሰጠዋል እንጂ። ደግሞም ሳይርባችሁ በፊት፣ ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች ጀምሮ ነው መውሰድ።

በዚህ ነገር ላይ በ2004 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ሙከራ አለ፤ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ብስክሌተኞች አንድ ሰዓት ያህል በሙሉ አቅማቸው ሲጋልቡ ካርቦሃይድሬት ያለበት ፈሳሽ እየተሰጣቸው አፋቸውን ተጉመጠመጡበት፤ ከዚያም ተፉት። አንዲት ጠብታ አልዋጡም። እንደዚያም ሆኖ ተራ ውኃ ከተጉመጠመጡበት ጊዜ ይልቅ ወደ 3 በመቶ ያህል ፈጠኑ። ሆዳቸው ምንም አልገባም፤ ጡንቻቸውም ምንም አላገኘም። ታዲያ ምን ተለወጠ? አፍ ለአእምሮ «ምግብ እየመጣ ነው» የሚል መልእክት ላከ፤ አእምሮም የያዘውን ልጓም ላላ አደረገ። ድካም የሚባለው ነገር ጡንቻ ብቻውን የሚወስነው እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሌላ ሙከራ ልጨምር። በ2009 በዌልስ በሚገኘው ባንጎር ዩኒቨርሲቲ ሳሙኤሌ ማርኮራ የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 16 ሰዎችን ሁለት የተለያዩ ቀናት አስመጡ። በአንዱ ቀን 90 ደቂቃ ሙሉ ትኩረት የሚጠይቅ የኮምፒውተር ሥራ ሰጧቸው፤ በሌላው ቀን ለዚያኑ ያህል ጊዜ ዘጋቢ ፊልም አሳዩዋቸው። ከዚያ በኋላ በሁለቱም ቀን እስኪያቅታቸው ድረስ ብስክሌት አስነዷቸው። ፊልም ባዩበት ቀን በአማካይ 12 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ቆዩ። ጭንቅላታቸው በደከመበት ቀን ግን 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ላይ አቆሙ። ልባቸው ሲለካ ከሌላው ቀን የባሰ አልደከመም። የተለየው ስሜታቸው ነበር፤ ያው ፔዳል፣ ያው ክብደት፣ ገና ከመጀመሪያው ከበዳቸው።

ይህን የምነግራችሁ ለሳይንሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ከወረቀትና ከባለጉዳይ ጋር የዋለ፣ ከዚያም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ በመጨረሻ ማታ የስፖርት ጫማውን ያሰረ ሰው አለ። ትናንት የቀለለው 8 ኪሎ ሜትር ዛሬ አልገፋ ሲለው ራሱን ሰነፍ ይላል። ሰነፍ አይደለም። እንዲህ ባለው ቀን ሰዓት ሳትመለከቱ ቀስ ብላችሁ ሩጡ፤ ጠንካራውን ልምምድ አእምሯችሁ ትኩስ ለሆነበት ማለዳ አቆዩት። ገና ጎሕ ሳይቀድ መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ወጥቶ የሚሮጠው ሰው ብዙ የሆነው መኪና ስለማይበዛ ብቻ አይመስለኝም። ዋናዎቹ አትሌቶቻችንም ከጠዋት ልምምድ በኋላ ቀኑን ተኝተውና አርፈው የሚያሳልፉት ለእግራቸው ብቻ ብለው አይደለም። ዕረፍታቸውን እንደ ሥራ ይቆጥሩታል፤ ልክም ናቸው።

[አጭር ሙዚቃ]

እንጦጦ ጫካ፣ ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ በማለዳ የሄደ ሰው አንድ ነገር ያያል። ሯጮቻችን ተከታትለው፣ በሰልፍ፣ አንዱ የፊተኛውን ተረከዝ እያየ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። ከፊት ያለው መንገዱንና ፍጥነቱን ይመርጣል፤ የቀሩት ይከተሉታል። መሪነቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ከውጭ ለሚያይ ተራ ልማድ ይመስላል። የአእምሮ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ከኋላ የሚሮጠው ሰው «ልጨምር? ልቀንስ? በየት ልሂድ?» ከሚል ጥያቄ ያርፋል፤ የሚጠበቅበት ያንን ተረከዝ አለመልቀቅ ብቻ ነው። ከፊት ያለው ደግሞ ለሌላው ሰው ፍጥነት ኃላፊነት መውሰድን ይማራል። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሁለቱንም ሸክም ለብቻው ይሸከማል። ለዚህ ነው ለጀማሪዎች ሁልጊዜ «ቢያንስ ረዥሙን ሩጫ ከሰው ጋር ሩጡ» የምለው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ደግሞ ቀስ ብሎ መሮጥ ነው። ቀላል ልምምድ በተባለበት ቀን አቋሙ የጠነከረለት ወጣት እግሩ ይበላዋል፤ ጓደኛውን መቅደም ያምረዋል። በዚያ ቀን ራሱን የገታ ሰው የማራቶንን ዋና ችሎታ እየተማረ ነው። ውድድሩ ሲጀመር ሰውነት ትኩስ ነው፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ ከሚገባው በላይ ይቀላል። ያ ቅለት ያታልላል። በጫካው ውስጥ መታገሥ ያልለመደ ሰው አስፋልቱ ላይ ሊታገሥ አይችልም።

ትኩረትስ የት ይሁን? በ1977 ዊልያም ሞርጋንና ማይክል ፖሎክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ታላላቅ የማራቶን ሯጮችንና መካከለኛ ሯጮችን «ስትሮጡ ምን ታስባላችሁ?» ብለው ጠይቀው ነበር። መካከለኞቹ ሕመሙን ለመርሳት ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ይልካሉ፤ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ሥራቸው ያስባሉ፣ በልባቸው ያዜማሉ። ታላላቆቹ በብዛት የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነበር። ትንፋሼ እንዴት ነው? ትከሻዬ ተወጥሯል? እግሬ እንዴት እያረፈ ነው? እያሉ ሰውነታቸውን ያዳምጣሉ፤ በሰሙት ላይ ተመሥርተው ፍጥነታቸውን ያስተካክላሉ። እኔ ሁለቱንም ቦታ ቦታ ሰጥቼ እጠቀምባቸዋለሁ። በመጀመሪያው አጋማሽ ሐሳብ ትንሽ ቢንሸራሸር አይከፋም፤ የአእምሮን ጉልበት ይቆጥባል። ከ25ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ግን ወደ ሰውነት መመለስ አለበት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ከራስ ጋር የሚደረግ ንግግር ነው። በ2014 የታተመ ጥናት ላይ 24 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ግማሾቹ ለሁለት ሳምንት ያህል በልምምዳቸው መካከል ለራሳቸው የሚናገሯቸውን አጫጭር የማበረታቻ ቃላት መርጠው ተለማመዱ። ከዚያ ሲፈተኑ ከበፊቱ 18 በመቶ ያህል ረዝሞ መቆየት ቻሉ፤ ያልተለማመዱት ግን ለውጥ አላሳዩም። ልብ በሉ፣ ቃላቱ የሠሩት ስለተለማመዱዋቸው ነው። ውድድሩ ዕለት 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የተፈለሰፈ ቃል አይሠራም። ሌላ የብስክሌት ሙከራ ደግሞ በ2019 አንድ ነገር ጨመረልን፤ ጋላቢዎቹ «እችላለሁ» እያሉ ከጋለቡበት ጊዜ ይልቅ ራሳቸውን እንደ ሌላ ሰው ቆጥረው «ትችላለህ» ባሉበት ጊዜ ፈጥነው ጨረሱ። ከድካሙ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ እንደ አሠልጣኝ መናገር መሆኑ ነው። ስለዚህ ራሳችሁን በስማችሁ ጥሩ። «አይዞሽ ሰላም፣ ትከሻሽን ልቀቂ፣ እስከ ድልድዩ ብቻ» በሉ። ቃሉ አጭር ይሁን፤ የሚሠራ ነገር ያዝዝ። «ጀግና ነህ» ከማለት «ክንድህን ዝቅ አድርግ» ማለት ብዙ ጊዜ የበለጠ ይረዳል፤ ምክንያቱም ወዲያውኑ ልታደርጉት ትችላላችሁ።

አንድ ሩጫ ላስታውሳችሁ። መስከረም 2019፣ በርሊን። ቀነኒሳ በቀለ 37 ዓመቱ ነበር። በ2017 እዚያው በርሊን አቋርጧል፤ በ2018 አምስተርዳም ላይም አቋርጧል። ብዙ ሰው «አበቃለት» ብሎ ነበር። በዚያ ቀን ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ተፎካካሪው ብርሃኑ ለገሰ ጥሎት ሄደ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በቴሌቪዥን በግልጽ ይታይ ነበር። በማራቶን መጨረሻ ላይ የተቀደመ ሰው በአብዛኛው እየራቀ ነው የሚሄደው። ቀነኒሳ ግን ወዲያው ተንደርድሮ ሊከተለው አልሞከረም፤ ተስፋም አልቆረጠም። የራሱን ምት ያዘ፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ተጠጋ፤ ደረሰበት፤ አልፎትም ሄደ። በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ፤ ለዓለም ክብረ ወሰን 2 ሰከንድ ብቻ ቀረው። ብርሃኑ፣ እሱም እጅግ ግሩም ሩጫ ሮጦ፣ ከ67 ሰከንድ በኋላ ደረሰ። ይህን ሩጫ ስናወራ ሁልጊዜ ስለ 2 ሰከንዱ እንቆጫለን። እኔ የሚገርመኝ ግን ተቀድሞ በሮጠባቸው ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ያሳየው እርጋታ ነው። መቀደምን እንደ ፍጻሜ ሳይሆን እንደ አንድ ሁኔታ ቆጠረው። ወጣት ሯጮች ከዚያ ቪዲዮ ሊያጠኑት የሚገባው እነዚያን ደቂቃዎች ነው።

ከታምራት ቶላም የምንማረው አለ። በ2024 ለፓሪስ ኦሊምፒክ ተጠባባቂ ነበር። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት ቦታውን ለቀቀና ታምራት ተተካ። ተጠባባቂነት ለአእምሮ ከባድ ፈተና ነው፤ የማትሮጥበትን ውድድር እንደምትሮጥበት ሆነህ ትዘጋጃለህ፤ ማንም ስምህን አይጠራም። ታምራት በዳገታማው የፓሪስ መንገድ ላይ 30ኛው ኪሎ ሜትር ሳይደርስ ለብቻው ወጣ፤ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድም የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ከሲድኒ ኦሊምፒኩ አሸናፊ ከገዛኸኝ አበራ በኋላ ለ24 ዓመታት ያልተገኘ የወንዶች ማራቶን ወርቅ ነበር። የሰውየው ዝግጅት በመመረጥና ባለመመረጥ አልተናወጠም። በእጁ ያለው ልምምዱ ነበርና ልምምዱን ያዘ።

አሁን ስለ ግብ እንነጋገር፤ በተለይ ከታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ተነሥታችሁ ማራቶን ለመሞከር ለምታስቡ። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ የማራቶን ውጤቶችን መርምሮ ነበር። በ3 ሰዓት ከ59 ደቂቃ የገቡት ሰዎች በ4 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከገቡት እጅግ በዝተው ተገኙ። በ3 ሰዓት ዙሪያም እንዲሁ ነው። አካላችን 4 ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም። ቁጥሩን የሚያውቀው አእምሮ ነው፤ አእምሮም ያለቀ የመሰለውን እግር ከ40ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ያስነሣዋል። ይህ የቁጥር ኃይል ነው። ክፋቱ ደግሞ ቁጥሩ ያመለጠው ሰው ላይ ይታያል፤ 35ኛው ላይ «4 ሰዓቱ አልሆነም» ሲል አብሮ እግሩም ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ብቻ ይዛችሁ አትነሡ። ሁሉ ነገር ከተመቸ የምትፈልጉት ሰዓት ይኑራችሁ፤ ቀኑ ካልተመቸ የምትደሰቱበት ሌላ ሰዓት ይኑራችሁ፤ ከዚያ በታች ደግሞ በጤና መጨረስ ራሱ ግብ ይሁን።

ፍጥነትን ስለ መመጠን ከሴት ሯጮች መማር ያለብን ወንዶች ብዙ ነን። በ2015 የታተመ ጥናት በ14 የአሜሪካ ማራቶኖች የተመዘገቡ ወደ 92,000 የሚጠጉ ውጤቶችን አነጻጽሮ ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ወንዶች በአማካይ 15.6 በመቶ ሲያዘግሙ ሴቶች 11.7 በመቶ ነው ያዘገሙት። የሴቶች አካል ስብን የተሻለ ማቃጠሉ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከአቅም በላይ በራስ መተማመንም ድርሻ ያለው ይመስለኛል፤ መነሻው መስመር ላይ የቆመ ወንድ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ከውድድሩ በፊት ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ልምምድ የሚቀነስባቸው ናቸው፤ አእምሮም ሥራ ሲፈታ ፍርሃት ይሠራል። ጉልበት ድንገት የታመመ ይመስላል፤ ጉሮሮ የሚከረክር ይመስላል። በብዙ ሯጮች ላይ የሚታይ ነገር ነውና አትሸበሩ፤ የቀረውን ልምምድ በመጨረሻው ሳምንት ለማካካስም አትሩጡ። የመጨረሻዋን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢላችሁም አትጨነቁ፤ በፊት የነበሩትን ሌሊቶች ደህና ከተኛችሁ የአንድ ሌሊት ማጣት ሩጫውን አያበላሸውም።

አንድ ከባድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። አእምሮን ማሠልጠን ማለት ሕመምን ሁሉ መናቅ ማለት አይደለም። ደረት ላይ ጫና፣ ራስን መሳት የሚመስል ማዞር፣ ግራ መጋባት፣ እርምጃን የሚያስቀይር ስለታም ሕመም ከመጣ ቁሙ፤ እርዳታ ጠይቁ። «ኢትዮጵያዊ አያቋርጥም» የሚለውን አባባል እባካችሁ ለወጣቶች አትንገሩ። በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ራሱ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋርጧል። በዚያው ውድድር ሻምበል ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸንፎ ወርቁን ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወደ አገራችን አመጣው። ማቋረጡ የአበበን ክብር አልቀነሰውም። ድካም የሚነግራችሁን ከጉዳት ለይቶ ማወቅ በብዙ ወራት ልምምድ የሚገኝ ዕውቀት ነው፤ ለዚህም ነው ከልምምድ በኋላ ምን እንደተሰማችሁ በማስታወሻ ደብተር መጻፍ የሚጠቅመው። ሰዓቱንና ርቀቱን ብቻ አትጻፉ። የት ከበዳችሁ? ያን ጊዜ ምን አሰባችሁ? ቁርስ በልታችሁ ነበር? ከጥቂት ወራት በኋላ ደብተሩን ስታገላብጡ የራሳችሁን አእምሮ ጠባይ ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻ፣ ከውድድሩ በኋላ ስለሚመጣው ባዶነት። አራት አምስት ወር ሙሉ አንድን ቀን እያሰበ የተነሣና የተኛ ሰው ያ ቀን ሲያልፍ ቅር ይለዋል፤ ጥሩ ሰዓት ሮጦ እንኳ ያዝናል። ቤተሰቦቹም «ጨረስህ አይደል፣ ምን ሆንክ?» ይሉታል። ምንም ነውር የለበትም፤ የተለመደ ነገር ነው። በዚያ ስሜት ውስጥ ሳላችሁ ለሌላ ማራቶን ለመመዝገብ አትቸኩሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ሰዓት ሳታስሩ በእግር ተንሸራሸሩ፤ ለሩጫው ብላችሁ ያራቃችሁትን ወዳጅ ቡና ጠጡ በሉት፤ ስለ ሩጫው የሚሰማችሁ ሰው ካገኛችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሩት። እግራችሁ ራሱ «እንሩጥ» ብሎ ሲጠይቃችሁ ያን ጊዜ ቀን ምረጡ። ሐዘኑ ከሳምንታት በላይ ቆይቶ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክላችሁ ከሆነ ግን የሩጫ ጉዳይ አይደለምና ሐኪም አማክሩ።

  

[የመዝጊያ ሙዚቃ]